ትከሻው ላይ ያለው እጅ

«ግራጫ ላድርገው፣ እትዬ ቬሊካ?»

«ምን ሲባል ግራጫ? ራንጌል እስኪሞት ድረስ አንዲት ሽበት አልወጣችበትም።»

ሚንቾ የጠየቃት ስለ ባሏ ጸጉር አልነበረም፤ ስለ ስካነሩ ነበር። ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ሱቁ ቆመን የራንጌልን የሞት ወረቀት እያሠራን ነው። እኛ ከተማ፣ ትሮያን ውስጥ፣ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት ታትሞ በበሩ፣ በዛፉ፣ በየፌርማታው ይለጠፋል፤ በዘጠነኛው ቀንና በአርባውም ይታደሳል።

ሚንቾ ታጋሽ ሰው ነው፤ ሊያስረዳት ሞከረ። የድሮ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ይባል እንጂ መሃሉ ላይ ስንት ዓይነት ግራጫ አለው፤ ማሽኑ ላይ «ጥቁርና ነጭ» የሚለው ለጽሑፍ ነው፤ ፊት ላይ ከዋለ ጥላውን ሁሉ ቀለም ያደርገዋል አላት። እሷ ግን መነጽሯን ቤት ረስታ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ፣ ማንም ባሏን እንዲያሸብትባት አልፈለገችም።

«ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቁርና ነጭ አድርገው።»

አደረገው። ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? እኔም ጎረቤት ነኝ ብዬ ቦርሳዋን ይዤ ቆምኩ። በማግስቱ፣ ሠላሳ ዓመት በሎቬች መስመር አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ሰው ሰድቦ የማያውቀው ራንጌል፣ አንድ ዓይኑና ግማሽ አገጩ በጥቁር ተውጦ፣ የሚፈለግ ሽፍታ መስሎ ከተማውን ሞላው። ቀባሪው ወረቀቱን እያየ ከንፈሩን ይመጥ ነበር፤ ለሞቱ ይሁን ለመልኩ አልለይ አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት በራችን ላይ ያለው ዛፍ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘነው። ከሽፍታው ጎን፣ በቀለም። ራንጌል አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ የወለቀች ጥርሱ ቦታ ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ «የማይረሱህ የአውቶቡስ ጣቢያ ባልደረቦችህ» ይላል። ቀኝ ትከሻው ላይ ደግሞ እጅ አለ። የማን እንደሆነ አይታይም፤ ፎቶው እጁን አንጓው ላይ ቆርጦታል።

ቬሊካ በዚያን ቀን መነጽሯን አልረሳችም።

ራንጌል ካሜራ ፊት ስቆ አያውቅም ነበር። ጥርሱን በወጣትነቱ የአውቶቡስ ማስነሻ ብረት ነው የሰበረው፤ ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺ ሲያይ ከንፈሩን እንደ ፖስታ ያሽጋል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ ቬሊካ ትስቃለች፣ እሱ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እና አሁን ይኸው፣ ለሌላ ሰው ካሜራ፣ በሌላ ሰው እጅ ሥር፣ እስከ መንጋጋው ይስቃል።

ሳሎን የተሰበሰቡት ለቀስተኞች ስኳር የተነሰነሰበትን የስንዴ ንፍሮ እያነሱ ነፍስ ይማር ካሉ በኋላ ስለ እጁ ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ የወንድ ነው አለች። ሌላዋ ጥፍሩ ቀላ ብሏል፣ የሴት ነው አለች። ቬሊካ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰማች።

«ሸሚዙን አየሽው?» አለችኝ ስገባ። መርከብ መርከብ የተሣለበት ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። «አርባ አንድ ዓመት ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ይህን ሸሚዝ አጥቤው አላውቅም። ያጠበችው አለች ማለት ነው።»

«ልብስ ለማጠብ ብሎ የሚማግጥ ወንድ የለም» ብላት አልሳቀችም። የድስቱን ክዳን ገጥማ፣ እጁ የማን እንደሆነ ሳላውቅ የአርባውን ስንዴ አልቀቅልም አለች። እኛ ዘንድ ያለ ስንዴ አርባ ማለፍ ሟችን ደጅ ላይ ትቶ በር እንደ መዝጋት ነው። ቀልዱ ቀረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ የምትደርስን ሴት ሁሉ እጇን ይዛ አትለቅም ሆነች። እያገላበጠች ታያለች፤ ጣቶቿን ትቆጥራለች። የፋርማሲስቱ ሚስት እንዲህ የምትወደኝ አይመስለኝም ነበር ብላ አልቅሳ ሄደች።

በሃያኛው ቀን ግድም ወረቀቱን ከዛፉ ነቅላ ሚንቾ ዘንድ ይዛው ሄደች፤ እኔም ተከተልኩ። አጉላልኝ አለችው። ሲያጎላው እጁ የምስር ክምር ሆነ። የታተመ ነገር ስካን ሲደረግ የቀለሙ ነጠብጣብ ነው የሚወጣው አለን፤ ነጠብጣቡን የሚያለሰልስ ቦታም አለው ብሎ ያንን ሲነካ ደግሞ ጣቶቹ ተጣብቀው ሊጥ መሰሉ።

«የጥራት ቁጥሩን ጨምርበት» አለችው።

«ወረቀቱ ላይ የሌለውን ማሽን አይወልድም፣ እትዬ። ዋናው ፎቶ ያስፈልጋል። ያኔም እኔው ነኝ ስካን ያደረግሁት፤ መዳፍ ለማታክል ሥዕል ብዬ ዝቅተኛው ላይ አደረግሁት።» ጣሪያውን አየ። «ያመጣችው ኔቬና ናት። ትኬት ቆራጯ።»

ኔቬና ሳታገባ ሠላሳ ዓመት በመስኮቷ ሥር የተቀመጠች ሴት ናት። ለራንጌል ከመልስ ጋር የናና ከረሜላ እንደምታቀብለው ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ቬሊካም ታውቃለች፤ ከረሜላውን ኪሱ ውስጥ እያገኘች ስትበላው የኖረችው እሷ ናትና። እስከዚያ ቀን ድረስ ጣፍጧት ነበር።

ቤቷ ሄድን። ቬሊካ በጨዋነት፣ ፎቶሽ ከእኔው ይሻላልና ለአርባው አውሺኝ አለች። ኔቬና ደረቷ ድረስ ቀላች። ከመሳቢያ ብዙ ፈልጋ አወጣችው። አንድ ጎኑ በመቀስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ቀሪውስ?»

«ጠፋ» አለች፣ ምንጣፉን እያየች።

በመንገድ ላይ ቬሊካ በቁጣ ፊት ፊት ሄደች። ፎቶውን ግን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ የሚጠሉትን ሰው እንዲህ አይይዙትም።

ሚንቾ የስካነሩን መስታወት ወለወለ። በቀለም አደረገው፤ ቁጥሩን ወደ ሺህ ሁለት መቶ አወጣው። ብርሃኑ እንደ ቀንድ አውጣ ተሳበ። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ብቻ አጎላ፣ እጁም ጣት በጣት ወጣ፤ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ በመጨረሻም ትንሿ ጣት። ትንሿ ጣት ከመሃሏ ወደ ውጭ ታጥፋለች፤ እንደ መንጠቆ።

ቬሊካ ቀኝ እጇን ከካፖርት ኪሷ አውጥታ ከስክሪኑ አጠገብ አደረገችው። በሃያ ስድስት ዓመቷ የቆርቆሮ ፋብሪካው የክዳን ማሽን ይዞ ያጣመማት ጣት አሁንም እንደታጠፈች ናት።

ባሕሩ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ በጋ የአውቶቡስ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው ባሕር ዳር ወዳለችው ፖሞሪዬ ሄደው ነበር። ማዕበል ራንጌልን አራሰው፣ መካኒኩ መርከብ ያለበት ሸሚዙን አዋሰው፣ በዚያው ቀን መለሰለት። ፎቶ የምታነሳቸው ኔቬና ነበረች። ቬሊካ ትከሻውን ይዛ በጆሮው፣ «ካሜራውን ገልብጣ ነው የያዘችው፣ አፍንጫዋን ልታነሳ ነው» አለችው። ጥርሱን ረሳው። ኔቬና ግን ከዚያ ስትመለስ ፊልሙ ተቃጠለ አለቻቸው።

«እጁን ከፎቶው ላጥፋው ወይስ ይቆይ?» አለ ሚንቾ ቀስ ብሎ።

«ይቆይ።» አፍንጫዋን በመሐረቡ ጠረገች። «ግራጫ ላድርገው ብትለኝም ዛሬ አልቆጣም።»

በአርባኛው ቀን ስንዴው ተቀቀለ፤ ስኳሩ ትንሽ በዝቷል፣ ግን አልተናገርኩም። አዲሱ ወረቀት ዛፉ ላይ ነበር፤ ራንጌል ይስቃል፣ እጁም ትከሻው ላይ ነው። የሽፍታውን ወረቀት ቬሊካ ራሷ ነቅላዋለች። ኔቬና ሁለት አበባ ይዛ መጥታ ከወረቀቱ ፊት ቆመች። ብዙ ቆመች። ቬሊካ ከበሩ ወጥታ የተላቀቀውን ጥግ በታጠፈችው ጣቷ ተጫነችው፤ ከዚያም ጣቷን ፎቶው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ትንሽ አቆየቻት።

ኔቬና ጣቷን አየች፤ ፎቶውን አየች፤ አበባውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ከስተሻል፣ እህቴ» አለቻት። «እንዲህ ያቃጠለሽ ምንድን ነው?»

«በገዛ እጄ ነው» አለቻት ቬሊካ።