ወተት የማይንጥ ባሌስትራ

"ተሰብሯል!" አለ ሳልህ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ። "የባሌስትራው ረጅሙ ብረት በቀኝ በኩል ለሁለት ተከፍሏል። ግራውም ቢሆን ሳምንት አይዘልቅም። በዚህ እንደት አድርገህ ነድተሃት መጣህ?"

"ቀስ ብየ።"

"ቀስ ማለቱንማ ታውቅበታለህ!"

ሳልህ በጀርባው እየተንሸራተተ ወጣና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ወረታ ውስጥ፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፈው መንገድ ዳር ጋራዥ ከከፈተ ብዙ ዘመኑ ነው። ለመኪና ይራራል፤ ለባለ መኪና ግን ምላሱ አይራራም። ሰውመሆን ደግሞ ለዚህ ምላስ የተመቸ ሰው ነው። አርባን ተሻግሯል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ብቻውን ይኖራል፤ ከዚህች አሮጌ ፒካፕ በቀር ሀብት የለውም። ሲነግሩት ይሰማል፣ ሲቀልዱበት ይስቃል፣ ራሱ ግን የሚናገረው ሲቸግረው ብቻ ነው።

ግድግዳው ሥር በተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ሁለት ጥንድ ባሌስትራ ተቀምጧል። ሳልህ አንደኛውን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ይኸኛው ጠንካራው ነው። በስምንት ብረት የተደራረበ፤ ሩዝ እስከ አፏ ብትሞላባት ወገቤን የማይል። ባዶዋን ስትነዳት ግን ጥርስህን ያራግፈዋል። ያኛው ባለ አምስት ነው፤ ንዝረት ከሚውጥ አዲስ አሞርዛተር ጋር። ጕድጓድ ስትገባ ተለምጦ ይቀበልሃል። ሩዝ ከጫንህበት ግን ተኝቶ ይቀራል፣ አይነሣም።"

"መካከለኛ የለም?"

"መካከለኛ ከፈለግህ በቅሎ ግዛ።"

ሰውመሆን ሳቀ። ዐይኑ ግን ከለስላሳው ላይ አልተነሣም።

"ዕቃውን ያመጣው ሰውየ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል" አለ ሳልህ። "አንዱን ትቶ አንዱን ይዞ ነው የሚሄድ። አብዱልሃኪምም ዛሬ ቍርጡን ንገረኝ ብሎሃል። ዛዲያ ምን ያቆምሃል?"

"ግራ ገባኝ።"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ግራ የገባህስ በባሌስትራ አይዶለም።"

አብዱልሃኪም የሩዝ ወፍጮ ባለቤት ነው። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ የተፈተገ ሩዝ በየቀኑ ለጎንደር ሱቆች የሚያደርስለት መኪና ይፈልጋል፤ ሰውመሆንን መርጦታል፤ ባሌስትራህን አጠንክር ብሎታል። ወረታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ እያለቀሱ የሚለምኑት ሹፌሮች ሞልተዋል። ከእንግዲህ ተሳፋሪ ጥበቃ መናኸሪያ ዳር በፀሐይ መጠበስ አይኖርም። ችግሩ አንድ ነው፤ ወደ ጎንደር ማለዳ የሚነሣ ሰው ማለዳ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ሊገኝ አይችልም። ማለዳ ቁሐር ሚካኤል ላይ ደግሞ ገላነሽ ነበረች።

ገላነሽ ከባሏ በሽማግሌ ተፋትታ፣ ከድርሻዋ ላሞቹን መርጣ የቀረች ሴት ናት። የራሷንና የጎረቤቶቿን ወተት በጀሪካን ሰብስባ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ትጠብቀዋለች። ጀሪካኖቹ ከኋላ ይጫናሉ፤ እሷ ጋቢና ትገባለች። እንደ ወጉ ጋቢና የሽማግሌና የነፍሰ ጡር ነው። በሰውመሆን መኪና ግን የገላነሽ እንደሆነ አገር ሁሉ ያውቃል፤ እሷ እስክትመጣ ማንም በሩን አይነካም። አንድ ቀን ቄሱ አሞኛል ብለው ሦስተኛ ሆነው መሐላቸው ተቀመጡ። ያን ዕለት ሰውመሆን ሲወርዱ መስቀል የተሳለመው እየከፋው ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለው።

በመንገድ ላይ የምታወራው እሷ ናት። ስለ ላሞቿ፣ ስለ ሩዝ ገለባ መወደድ፣ በክረምት ውኃ ሜዳውን ሲሞላው ከብት ይዘው ወደ ደጋው ስለሚሸሹበት ጊዜ ታወራለች። እሱ ይሰማል። ጕድጓድ ሲመጣ አንድ እጇን መኪናው ላይ ትደግፍና ወሬዋን አቋርጣ ትጠብቃለች፤ ጕድጓዱ ሲያልፍ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። ይህን ያህል ነው። ከዚህ የበለጠ አንድም ነገር ተባብለው አያውቁም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በጾም ወተት የሚጠጣ የለም፤ ወተት ቤቶቹም ሻይ ቤት ይሆናሉ። የቅበላ ዕለት ወረታ ስትወርድ "እንግዲህ እስከ ፋሲካ" አለችው። "እሺ" አላት። ከዚያ ወዲህ ሰውመሆን በየማለዳው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ያቺን "እሺ" ያኝካታል። እንዲያው ከቃል ሁሉ እሺ! ጋቢናው ላይ ሌላ ሰው ያስቀምጣል፤ ሰውየው ያወራል፤ እሱ ግን የአጥሩን ጥግ በመስታወት እያየ ያልፋል። ናፍቃዋለች። ሰው እንዲህ ሊናፍቅ እንደሚችል፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ረስቶት ነበር።

"ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አለ ሳልህ፣ ከልቡ ያነበበ ይመስል። "ሂድ። ገበያ ውስጥ ናት። ጧት የቅቤ ቅል ይዛ ስታልፍ አይቻታለሁ።"

"ገላነሽ?"

"የለም፣ የጎንደር ከንቲባ! ሂድ እንጅ ሰውየ!"

ገበያው በፋሲካ ዕቃ ተጨናንቋል። በግ የሚጎትት፣ ዶሮ ዘቅዝቆ የያዘ፣ ሽንኩርት የከመረ እርስ በርሱ ይገፋፋል። ሕማማት ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ስለሆነ የሚሳሳምና የሚጨባበጥ ክርስቲያን የለም፤ የተገናኘው ሁሉ በዐይኑ ብቻ ተያይቶ ያልፋል።

ቅቤ ሻጮቹ ጥላ ሥር ናቸው። ገላነሽ ከመጨረሻዋ አጠገብ ተቀምጣ አንዲት ገዢ ቅሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ስታሸት ትጠብቃለች። በጾም ቅቤ አይቀመስም፤ የሚሸምት ሁሉ በአፍንጫው አምኖ ነው የሚገዛ። ገዢዋ ተስማማችና ከፍላ ሄደች። ገላነሽ ቀና ስትል አየችው።

የሰውመሆን እጅ ከልቡ ቀድሞ ተዘረጋ። ወዲያው ሕማማት መሆኑ ትዝ አለውና መንገድ ላይ የቀረውን እጅ መልሶ ጭንቅላቱን አከከበት። ገላነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ይህን ሁሉ ቀን ጠብቆ ጠብቆ የሚያገኛት ሰላምታ በተከለከለበት ሳምንት መሆኑ ሊያስለቅሰውም ሊያስቀውም ደረሰ።

"መጣህ?" አለችው። ሰላምታ ያልሆነ ሌላ ቃል አልተገኘም።

"መጣሁ።"

"መኪናህስ?"

"ሳልህ ጋ ናት። ባሌስትራዋ ተሰብሮ።"

"ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ያለው ጕድጓድ ነው አይደል?"

"እሱ ነው።"

"እኔ ከሌለሁ ቀስ አትልም ማለት ነው።"

ሰውመሆን አፈረ። እውነቷን ነው፤ እሷ ከሌለች ለምን ቀስ ይላል?

"ላሞችሽስ?"

"ወርቄ ወለደች።"

"ምን ወለደች?"

"ጥጃ ነዋ፤ ምን ትውለድልህ?" ሳቀች። "ሴት ናት። እናቷን ቁርጥ።"

"እንግዲያው ከፋሲካ በኋላ ወተቱ ይበዛል" አለ። "እንደ ድሮው ጧት ጧት…"

"ወተቱን ትቸዋለሁ።"

ከአጠገባቸው አንድ ዶሮ ክንፉን አራገፈ።

"ከእንግዲህ ቅቤ ነው የምሸጥ። በሳምንት አንድ ቀን ብቅ ብየ እመለሳለሁ። እስከ አስፋልቱ ባጃጅ አለ፤ ከዚያ ሚኒባስ።"

"ለምን?"

ገላነሽ የቅሉን ክዳን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። "የወተት ቤቷ ብርክቲ ወተቱን መመለስ የጀመረችው ከጥር ወዲህ ነው። መንገዱ ይንጠዋል። መኪናህ ስትዘል ስትዘል ወረታ ስንደርስ ቅቤው ከላይ ተንሳፎ ይገኛል። እኔ የወተት ቤት ነው ያለኝ፣ አሬራ አልገዛም አለችኝ። ምን ላድርጋት፤ እውነቷን ነው።"

"ከጥር?" ሰውመሆን ወራቱን በሐሳቡ ቆጠረ። "ጾሙ የገባው እኮ የካቲት ነው። ዛዲያ ያን ሁሉ ጧት ትመጭ የነበረ…"

"ጥቂቱን ለሚገዛኝ በርካሽ ሰጥቸ፣ የቀረውን ይዠ እመለስ ነበር።"

እሱ ይህን አላየም። ስትመለስ ሁልጊዜ በሌላ መኪና ነው፤ እሱ እስከ ማታ ጭነት ሲጠብቅ ይውላል። አሁን ግን ታየው፦ ግማሽ ያልጎደለ ጀሪካን ይዛ የምትመለስ፣ የማይሸጥ ወተት በየማለዳው ጭና የምትመጣ ሴት።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ፣ እሺ፣ እንግዲያው አትልፊ፣ ይቅርብሽ ትለኝ ነበር።" ቀና ብላ አየችው። "እኔም እሺ ስትለኝ ልሰማ አልፈለግሁም። እሺ ማለት ታበዛለህ አንተ።"

ገበያው ይጮኻል። ሰውመሆን ሊናገር ከንፈሩን ከፈተ፤ የወጣለት ግን የሳልህ ጋራዥ ነበር። ስለ ሁለቱ ባሌስትራ ነገራት፤ ጠንካራው ለሩዝ እንደሆነ፣ አብዱልሃኪም ሩዙን ወደ ጎንደር ጫንልኝ እንዳለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ወደ ባሕር ዳር እንደሚመለስ። ገላነሽ ችሎት እንደ ተቀመጠ ሹም ራሷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

"ዛዲያ ጠንካራውን ግጠም እንጅ" አለች በመጨረሻ። "እንጀራህ አይደል? ለወተት ብለህ እንደሆነ ወተት የለም። ቅቤ እንደሁ አንዴ ወጥቷል፤ ደግሞ የሚንጠው የለም።"

አንዲት ሌላ ገዢ መጥታ ቅሉ ላይ ጎንበስ አለች። ገላነሽ ወደ እሷ ዞረች።

"እሺ" የምትለዋ ቃል እስከ ጥርሱ መጣች። ሰውመሆን ያዛትና ዋጣት። ዕድሜውን ሙሉ ከዋጠው ነገር ሁሉ ያቺ ከበደችው።

"ፋሲካን የት ነሽ?" አለ በምትኩ።

"የት እሆናለሁ፤ ቤቴ ነኝ።"

"ብቻሽን?"

"ከወርቄ ጋር።" ገዢዋ የቅቤውን ቅል አፍንጫዋ ላይ እንደ ያዘች ሁለቱንም በተራ ታይ ነበር። ሰውመሆን ራሱን ነቅንቆ ዞረ፤ ገበያውን እየገፈተረ ወጣ። በሕይወቱ እንዲህ ሲፈጥን ያየው የለም።

ጋራዡ ሲደርስ ዕቃ ሻጩ ጠንካራውን ባሌስትራ ትቶ ለስላሳውን ሊጭን ማዳበሪያውን እየጠቀለለ ነው። ሳልህ ያለ ጥያቄ ወስኖለት ነበር።

"ተወው! ለስላሳውን ስጠኝ" አለ ሰውመሆን።

"ኧረ ቆይ!" ሳልህ እጁን አነሣ። "አብዱልሃኪም አሁን ደውሎ ነበር። ሩዙ ተከምሯል፤ ሰውየው አንተን ይጠብቃል።"

ሰውመሆን ስልኩን አወጣና እዚያው ቆሞ ደወለ። ንግግሩ አጭር ነበር። አክብሮ አመሰገነ፤ ሥራውን እንደማይዘው ተናገረ። አብዱልሃኪም ከወዲያ ማዶ "እንግዲህ አላህ ይርዳህ፤ እኔም ሌላ መኪና አላጣም" ብሎ ዘጋ። ሰውመሆን ስልኩን ኪሱ ከተተው። ሰው የሚመኘውን እንጀራ ገፍቶ መመለስ ቀላል አይዶለም፤ ሲያደርጉት ያስፈራል።

"ገላነሽ ወተቱን ልትቀጥል ነው ማለት ነው?" አለ ሳልህ ለስላሳውን ባሌስትራ ተቀብሎ መሬት ላይ ሲያሳርፍ።

"ወተቱን ትታዋለች።"

"ዛዲያ ምን ልትጭንበት ነው?"

"ምንም።"

"ምንም? ለባዶ መኪና ነው ለስላሳ ባሌስትራ የምትገጥም? አበድህ እንዴ?"

"ባዶ አይዶለችም" አለ ሰውመሆን። "ጋቢና ላይ ሰው አለ።"

ሳልህ ክሪኩን ሳበና ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ከታች መጣ።

"ለመቼ ላድርስልህ?"

"ለቅዳሜ።"

"ምን አስቸኮለህ? በዓሉን አሳልፈህ ብትወስዳትስ?"

"የለም፣ እሁድ ጧት ቁሐር ሚካኤል መድረስ አለብኝ" አለ ሰውመሆን። "እሁድ ሰላምታ ይፈቀዳል።"