በሩን የዘጋው

ግንበኛው ሦስተኛውን ባልዲ ግድግዳው ላይ ሲደፋ አመድማው ድንጋይ ወደ ቀይ ዳማ ተለወጠ። ጥንታውያኑ ፊደላትም ከእንቅልፋቸው እንደተቀሰቀሱ ሁሉ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። በውሃ አርስልኝ ያለችው ልጁ ናት። እንግዶቹ ፎቶ ሲያነሱ ጽሑፉ ጎልቶ እንዲታይላት ነው።

ቀኑ የሷ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የደከመችበት መጽሐፍ በዚሁ ግድግዳ ፊት ይመረቃል። ከባሕር እስከ በረሃ ሰባት ሕዝብ ያስገብር የነበረው ያ ታላቅ መንግሥት እንዴት እንደወደቀ የሚናገር፣ ከዚህ ግድግዳ በቀር አንድም ምስክር አልተረፈም። ጠላት በመጣ ቀን ልጅ የከተማይቱን በር በአባቱ ላይ ዘጋ፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ውጭ አለቀ፤ መንግሥቱም ከዚያ ወዲያ አልቆመም። ይህን ያነበበችው እሷ ናት። ወሬው ከመጽሐፉ ቀድሞ ከተማውን አዳርሶ፣ እናቶች አልታዘዝ ያለ ልጅ ሲገጥማቸው «አንተ በር ዘጊ» ማለት ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

«ሳሙና ጨምርበት እንጂ» አለ ወንበር የሚደረድረው ዘበኛ፤ «የሁለት ሺህ ዓመት እድፍ በውሃ ብቻ ይለቃል?»

«አንተ መጀመሪያ አንገትጌህን እጠብ፤ ለነገሥታቱ ኋላ ታዝናለህ።»

ዘበኛው እየሳቀ ወደ መግቢያው ሄደ። ግንበኛውም ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ።

ድንጋይ ሲርስ በውስጡ የሚያልፈው የቀለም ጅማት ይወጣል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ደግሞ አንዱን ረድፍ ከአንድ አለት አውጥተው በተራው ነበር የሚደረድሩት። በአራተኛው ረድፍ ላይ አንድ ነጭ ጅማት ከግራ ተነሥቶ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተሻገረ መጣና ድንገት ተሰበረ። አንድ ድንጋይ አልፎም እንደገና ተሰበረ። ግንበኛው የተሰበረባቸውን ሁለቱን ድንጋዮች በሐሳቡ አቀያየራቸው። ጅማቱ እንደ ክር ገጠመ።

ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት ግድግዳው የፈረሰ ክምር ነበር። አንድ አዛውንት ሊቅ በየድንጋዩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉ፤ እሱ ፊደሉን ባያውቅም ቁጥሩን እየተከተለ ይገነባ ነበር። አንድ ከሰዓት ዝናብ መጣና የሁለት ድንጋዮችን ቁጥር አጠበው። ሊቁ ታመው ተኝተዋል፤ ኋላም አልተነሡም። ድንጋዮቹ በቁመትም በወርድም እኩል ነበሩ። ሰው መጠየቅ አፈረ። «ድንጋይ ድንጋይ ነው» ብሎ በቱንቢ አስተካከላቸውና ኖራውን ሞላ። ግድግዳው እንዳለቀ ጣሪያ ስለተሠራለት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ውሃ አልነካውም። ያን ዕለት ቱንቢውን ይዛለት የዋለችው የስምንት ዓመት ልጁ ነበረች። ከፊደሉ ጋር የተዋደደችውም እዚያው ነው።

«አባዬ፣ እስካሁን ልብስህን አልቀየርክም?»

አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ መጽሐፉን እንደ ጨቅላ ታቅፋ ቆማለች።

«ጠጠሬ» አላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጠራት እንዲህ ነው። «ነይ እስኪ። እነዚህ ሁለቱ ምን ይላሉ?»

«ታውቀው የለ እንዴ። ይሄ ‹ልጅ›፣ ያ ‹አባት›።»

«ቢቀያየሩስ?»

«ቢቀያየሩማ አባት በልጁ ላይ ዘጋ ይሆናል። ምነው፣ ለልጁ አዘንክለት?»

ተነሥቶ ጣቱን ጅማቱ ላይ አኖረና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ሳበው። ሲሰበር ቆመ፤ ወደ ሌላው ድንጋይ አሻገረው፤ ተመለሰ። እሷም ጣቱን በዓይኗ ተከተለች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ የሄደበት ቤት መብራት ይመስል ትንሽ ቆየ።

ማን ነው የደረደራቸው ብላ አልጠየቀችም። ታውቃለች።

«ቁጥሩ ታጥቦ ነበር» አለ። «ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ…»

«ሌላ ሰው አይቷል?»

«ማንም አላየም። ነቅዬ እመልሳቸዋለሁ፣ አንድ ሳምንት ብቻ…»

«አባዬ፣ እንግዶቹ እኮ በር ላይ ናቸው።»

እውነትም የመኪና በሮች ሲዘጉ ይሰማል። ዘበኛው ጎንበስ ቀና እያለ ሰዎቹን ይቀበላል። ግንበኛው እጆቹን አያቸው። የዘመመ ያቀኑ፣ የተሰነጠቀ የደፈኑ እጆች ናቸው፤ አሁን ግን ምን እንደሚጨብጡ ጠፍቷቸው ተንጠልጥለዋል።

«እስኪደርቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጣሪያውን ቀና ብሎ አየው። ፀሐይ አያስገባም፤ ያንንም የሠራው እሱ ነው።

«ይቆያል፣ ልጄ።»

መጽሐፉን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ሻርፗን ከአንገቷ ገፍፋ አራተኛውን ረድፍ ትጠርግ ጀመር፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በኃይል። ልትሸፍነው ይሁን አጥርታ ልታየው፣ አባቷ አላወቀም። ብቻ በጠረገችው ቁጥር አቧራው እየለቀቀ፣ ጅማቱ ከፊተኛው ይልቅ እየነጣ ሄደ።