አሁን አርፈዋል

፩

«ታካሚዋ እስከ መጨረሻው አልሞቱም» አለችኝ ሲስተር ውዳላት።

ወቀሳ ነው።


፪

ማስረዳት ይኖርብኛል።

በአርባ ሰባት ዓመቴ የነርስነት ተማሪ ነኝ። ኮሌጁ ከሴራሚክ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሲስተር ውዳላት የተግባር ትምህርት መምህራችን ናት። ከእኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሳለች፤ «እርስዎ» ትለኛለች።

ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ ስድስት ደቂቃ። አንደኛው ወንበር ላይ የኮሌጁ ጥበቃ አቶ ክንፉ አስታማሚ ሆነው ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ውስጥ ተኝተዋል ተብሎ ይታሰባል። ወይዘሮ ብርቄ ሞተዋል። አቶ ክንፉ አያውቁም። ነርሷ ገብታ ትነግራቸዋለች።

ገባሁ። ራሴን አስተዋወቅሁ። ከማን ጋር እንደመጡ ጠየቅኋቸው። ወንድም፣ እህት፣ ቅርብ ጎረቤት እንዳላቸው ጠየቅኋቸው። ምሳ በልተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልበሉም። ውኃ ቀዳሁላቸው። የልጆቻቸውን ስም አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ የሁለተኛዋን ጠባይ ደግሞ በዝርዝር።

ደወል ተደወለ።


፫

የምዘና ቅጽ — የመጀመሪያ ሙከራ

ራሷን አስተዋውቃለች — አዎ
አስታማሚው እንዲቀመጥ አድርጋለች — አዎ
ብቻውን መሆን አለመሆኑን አጣርታለች — አዎ፣ ከሚገባው በላይ
የታካሚዋን ስም ጠርታለች — አዎ
ሞቱን በግልጽ ቃል ተናግራለች — አልተናገረችም
ለሐዘኑ ጊዜ ሰጥታለች — አይመለከትም
ውጤት — ትድገም★

★ መድገም የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ የወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል። ቀኑ የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ ነው።


፬

መመሪያ፦ በዚህ ዕድሜ ኮሌጅ ለምትገቢ

ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ። በየፎቁ ስትቆሚ ስልክ የምታዪ ምሰዪ። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስትገቢ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል። መምህር መስለሻቸው ነው። ወደ ሰሌዳው አትሂጂ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጪ። ይስቃሉ። አብረሽ ሳቂ።

ስምሽ አልጋነሽ ከሆነ፣ ነርስነትም ከሆነ የምትማሪው፣ «የአልጋ ቁጥርሽ ስንት ነው?» የሚል አይጠፋም። በሁለተኛው ወር ይሰለቻቸዋል።

መነጽርሽን አትርሺ።

ደከመኝ አትበዪ። ያምኑሻል።


፭

የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ይህን ሙያ ለምን መረጡ?» የሚል ጥያቄ ነበር። ሦስት መስመር ክፍት ቦታ አለው።

የመጀመሪያ ረቂቅ፦ ባለቤቴን ካጣሁ በኋላ። (ሠረዝኩት።)
ሁለተኛ ረቂቅ፦ አንድ ቃል ለማረም። (ሠረዝኩት።)
የገባው፦ ፍላጎት።

ሁለት መስመር ተረፈ።


፮

አራሚ ነበርኩ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በአማርኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሌሎችን ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ የተዘለለ ፊደል፣ የተደገመ መስመር፣ ያለቦታው የገባ ቃል። በዚህ ቋንቋ ነው እንጀራዬን የበላሁት።

ከባለቤቴ ከስለሺ በኋላ ማንበብ አቃተኝ። እያንዳንዱ ቃል ከኋላው ሌላ ትርጉም የደበቀ መሰለኝ። አንድ ገጽ ላይ ግማሽ ቀን እቆይ ጀመር። ማንም ሳያባርረኝ ወጣሁ። አሁን ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው አለ። ከዚህ ኮሌጅ ብሰናበት የምመለስበት የለኝም።


፯

ፎዚያ የልምምድ ጓደኛዬ ናት። ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ አገሯ ኮምቦልቻ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ተለማመድን። እሷ አስታማሚ፣ እኔ ነርስ። እንዳይረሳኝ ጽፌ አስቀመጥኩት።

እኔ፦ እንደምን ዋልሽ?
ፎዚያ፦ ማዘር፣ ባሌ ሞቶ ምን እንደምን ዋልሽ ትይኛለሽ?
እኔ፦ ገና አልነገርኩሽም።
ፎዚያ፦ ፊትሽ ነግሮኛል።
እኔ፦ እሺ። ባለቤትሽ አቶ…
ፎዚያ፦ አቶ አትበዪብኝ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ጂም ይሠራል።
እኔ፦ ባለቤትሽ በጣም ታሞ ነበር።
ፎዚያ፦ «ነበር» አልሽ! አለቀ! እንደውም ልጩህልሽ?
እኔ፦ ቆይ።
ፎዚያ፦ ቃሉን በይዋ። ስንት መጽሐፍ አርሜአለሁ አላልሽም? አንድም ሰው አልሞተም እዚያ ውስጥ?
እኔ፦ ብዙ ሞቷል።
ፎዚያ፦ እና?
እኔ፦ እኔ ፊደሉን ነው የማየው።

ፎዚያ ሳቀች። ከዚያ አየችኝና ሳቋን ተወች። ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ፤ አላለቀስኩም ነበር።


፰

የቃላት ዝርዝር (ለፈተናው የተዘጋጀ)

ሞተ — ትክክል። ግን ዓይን ዓይኑን እያየ ለባልየው የሚለው የለም። ውሻም ይሞታል፤ የስልክ ባትሪም።

ሕይወቱ አለፈ — የዜና ነው። ሰሚው ሬዲዮ የተከፈተ ይመስለዋል።

አለፈ — ተማሪም ያልፋል።

ተለየን — ወዴት?

ነፍሱ ወጣች — ለጎረቤት ወሬ።

አረፈ★ —



★ «ዐረፍተ ነገር» የሚለውም ከዚሁ ቃል ነው የወጣው። ነገር የሚያርፍበት።


፱

ስለሺ ባሌ ነበር። ጉበቱን ታሞ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ሕመሙ ዓይኑን አላስከደነውም። እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዲያርፍ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ከክፍሉ አስወጡኝ። ቆይታ አንዲት ወጣት ነርስ መጣች። ጨዋ ናት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

ነርሷ፦ እናቴ፣ አቶ ስለሺ አሁን አርፈዋል።
እኔ፦ ተመስገን።
ነርሷ፦ (ቀና ብላ አየችኝ)
እኔ፦ አንቺም እረፊ፣ ልጄ።

እጄን ያዘችኝ። ጽኑ እምነት ያላት ሴት ብላኝ ይሆናል። ከውስጥ ጠሯት፤ ሄደች። ምንም አላጠፋችም። የተናገረችው ቃል ትክክል ነው፤ መዝገበ ቃላትም ይመሰክርላታል።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሲነቃ የሚበላው ብርቱካን ላጥኩ። ነጩን ክር አይወድም፤ አንድ በአንድ ለቀምኩለት። አርባ ደቂቃ ያህል። በሦስት ቀን ውስጥ ትከሻዬ የላላው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ለእህቱ ለባዩሽ ደወልኩ። ስትጨነቅ ነው የሰነበተችው።

«ባዩሽ፣ ስለሺ አሁን አርፏል» አልኳት።

በጩኸቷ ገባኝ።


፲

አርባው ዕለት ባዩሽ ለሴቶች ስትናገር ከድንኳኑ ጀርባ ሰማኋት። «በስልክ አረዳችኝ። ብቻዬን ቤት ውስጥ። ጠላት እንኳ እንዲህ አያደርግም።»

እውነቷን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል ይኬዳል፣ ቃሉን ማንም ሳይናገረው ሰውየው ከሰዎቹ ብዛት ያውቀዋል።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት፣ ወንድሟ ሞቶ ብርቱካን ስልጥ እንደነበር መንገር ነው። ጨካኝ ብትለኝ ይሻለኛል አልኩ።

ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። በዓል ሲሆን እንደዋወላለን። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» «ደህና።»


፲፩

(ይህ ቁጥር ባዶ አልነበረም። ሁለት ገጽ ነበር፤ ስለ ስለሺ። አራሚዋ አውጥታዋለች።)


፲፪

ከፈተናው በፊት ሲስተር ውዳላት ቢሮዋ ጠራችኝ።

«እትዬ አልጋነሽ፣ መድኃኒት ሲሰጡ እጅዎ ወርቅ ነው። መርፌዎ አያምም። ይኼ ላይ ምን ነካዎ?»

«መርዶ ለአንድ ሰው ለብቻው አይነገርም፣ ሲስተር። በእኛ ወግ—»

«ወጉንማ እኔም አውቀዋለሁ። አባቴ ሲሞት አሥራ አምስት ሰው ነው ሌሊት ለሌሊት ተጉዞ በር ያንኳኳው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ንጋት የለም። አሥራ አምስት ሰውም የለም። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አርፈዋል ብልስ?»

ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው» አለች። «ይበሉ። ግን ሰውየው እንደገባው እርግጠኛ ይሁኑ። ካልገባውስ?»

ካልገባው ምን እንደሚሆን የማውቀው ከሁለታችን እኔ ነበርኩ። አልነገርኳትም። አመስግኜ ወጣሁ።


፲፫

የተግባር ፈተና — ሁለተኛ ሙከራ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር። ሲስተር ውዳላት ጥጉ ላይ ቅጹን ይዛ ቆማለች።

አቶ ክንፉ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ራሴን አስተዋወቅሁ። ወንበሬን አቀረብኩ። ከማን ጋር እንደመጡ አንድ ጊዜ ጠየቅሁ። ብቻቸውን ናቸው።

«ስለ ባለቤትዎ ስለ ወይዘሮ ብርቄ ልነግርዎት ነው» አልኩ። «የምነግርዎት ከባድ ነው።»

ባለፈው ፈተና ያላሉትን አሉ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ ምናልባት ሰልችቷቸው፣ ምናልባት አዝነውልኝ። ፊታቸው በራ።

«እህቴ፣ አሁን አረፈች?»





«አዎ» ማለት ነበረብኝ። አዎ ብል ውሸት አይደለም። አዎ ብል እሳቸው ተመስገን ይላሉ፣ እኔ እወጣለሁ፣ ስድስቱ ደቂቃ ይሞላል። ብርቱካን እንዳላቸው ለማየት እጃቸውን አየሁ። ቆቡ ብቻ ነው።

«አይ፣ አቶ ክንፉ» አልኩ። «አላረፉም።»

ሲስተር ውዳላት ቀና አለች።

«ሞተዋል።»

ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። አስቀያሚ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

አቶ ክንፉ አልተወኑም። ቆባቸውን አዙረው አዙረው አዩት። ሦስት ደቂቃ ያህል ቀርቶ ነበር። ደወሉ እስኪደወል አብሬ ተቀመጥኩ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሱብኝ። «ባለፈው አተረፍሽልኝ፣ ዛሬ ገደልሽብኝ!» አሉ፤ ሊያስቁኝ። ከዚያ ቆቡን አጠለቁና፣ «ግን ደግ አደረግሽ» ብለው ወደ በሩ ወረዱ።


፲፬

ውጤቱ ሰኞ ተለጠፈ። ፎዚያ ከእኔ ቀድማ አይታ ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል ጮኸች።

«ማዘር! አልፈሻል!★»

ሴራሚክ የሚገዙ ሰዎች ቀና ብለው አዩኝ።

★ ፰ን ይመልከቱ።


፲፭

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ለዚህ ስልክ ማዘጋጃ ነው። በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤት ደወልኩ።

ባዩሽ፦ ሃሎ? አልጊ? ምነው፣ በዓል ሳይሆን?
እኔ፦ ደህና ነኝ። የምነግርሽ ነገር አለ። ብቻሽን ነሽ?
ባዩሽ፦ ልጆቹ አሉ። ምን ሆንሽ?
እኔ፦ ጥሩ፤ ይኑሩ። ተቀመጪ።
ባዩሽ፦ አታስደንግጪኝ እንጂ! ማን ሞተ?
እኔ፦ አዲስ የሞተ የለም። ስለ ስለሺ ነው። ያን ቀን ስደውልልሽ።
ባዩሽ፦ (ወንበር ሲሳብ ይሰማል)
እኔ፦ ተቀመጥሽ?
ባዩሽ፦ ተቀምጫለሁ።
እኔ፦ ያን ቀን «አርፏል» ስልሽ፣ ተኝቷል ማለቴ ነበር።