ለእጅጉ ያልደረሰችው መጋዝ

ቡሬ ላይ ዘሩን የማያውቅ ሰው ካለ እንግዳ ነው። ሌላው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፣ ወይ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይጠፋም፤ እሱ የሞቱ የሞተር መጋዞችን ይሰበስባል። ዛፍ ሊቆርጥባቸው እንዳይመስላችሁ! ከየቁራሌው ይገዛል፣ ይፈታል፣ በቤንዚን ያጥባል፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ የጎደለውን ብሎን ፈልጎ ያሟላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ዐሥራ አንድ ደርሰውለታል። ሚስቱ ያምሮት «የቆረብከው ከኔ ጋር ነው ከብረቱ ጋር?» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ብሎኑን ማጥበቁን ይቀጥላል።

ነገሩ የመጣው ከድሮ ሥራው ነው። በደርግ ጊዜ እሱና እጅጉ በመንግሥት የእንጨት ሥራ አንድ ቡድን ነበሩ፤ እጅጉ ይቆርጣል፣ ዘሩ መጋዞቹን ይጠግናል። መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ተበተነ። እጅጉ ዘጠኝ ዓመት የሠራባትን መጋዝ ተሸክሞ ሽንዲ አጠገብ ወዳለው አገሩ ገባና ገበሬ ሆነ። መጋዟም ቆጥ ላይ ተሰቅላ ዛገች።

ከሚሌኒየሙ በፊት በነበረው ዓመት፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ እጅጉ ይዟት መጣ። ዘሩ ሲያየው ደነገጠ። ያ ግንድ ለብቻው ያገላብጥ የነበረ ሰው ሰውነቱ ሟሙቶ ዓይኑም ቢጫ ሆኗል።

«ጉበት ነው አሉኝ» አለ እጅጉ። «ሐኪሞቹ ቤትህ ሁን ብለውኛል፤ ገብቶኛል እንግዲህ። አንድ ነገር አድርግልኝ፣ ይቺን አስነሣልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፅዋን ልስማ። ከዚያ ላንተ ትሁን፣ ከጓደኞቿ ጋር ደርድራት።»

«በሁለት ሳምንት ቤትህ ድረስ አመጣልሃለሁ» አለው ዘሩ። ከልቡ ነበር ያለው።

ሲፈታት ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተሯ ተሰንጥቋል፤ ሌላው ደኅና ነው። ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄዶ መለዋወጫ የሚነግደውን ጠሃን ለመነው። ጠሃም ዕቃው የድሮ መሆኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀና መርካቶ አስፈልጋለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ አለ።

መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ዘሩ እጁን ማሳረፍ አቃተው። መደርደሪያው ላይ ካሉት የአንዲቱን መጋዝ ካርቡሬተር ፈታ፣ እንዲገጥም ቆርቆሮ ቆርጦ ከሥሩ ደረበበት፣ ገመዱን ሳበ። በአራተኛው ተነሣች። ጎርነን ያለች፣ ሳል ሳል የሚያደርጋት፣ ግን የምትሠራ መጋዝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በጆንያ ጠቅልሎ ወደ መናኸሪያ በሮጠ ነበር። ዘሩ ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ሰማና ፊቱ ጠቆረ።

ያምሮት ከበሩ ላይ ቆማ «ተነሣች አይደል? ውሰድለታ» አለችው።

«በሰው ካርቡሬተር?»

«እሱ ስለ ካርቡሬተር ምን አስጨነቀው!»

«እኔን ያስጨንቀኛላ» አለና አጠፋት። ወዲያው ፈታው፤ ለባለቤቲቱም መልሶ ገጠመላት።

እዚህ ላይ ነው እኔ ደሜ የሚፈላው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ወዳጁንም ይወዳል። ግን ብረት የለመደ እጅ ሰውም እንደ ብረት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስለዋል።

ጠሃ አንዴ በሚቀጥለው ሳምንት ይላል፣ አንዴ ያልሆነ ዕቃ ይመጣበታል፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ጥቅምት አለቀ። በኅዳር መባቻ ትክክለኛው መጣ። ዘሩ በዚያው ቀን ገጠመው፣ መጋዟም ገመዱን አንዴ ሲስበው ጥርት ብላ ጮኸች። በቃ፣ ያኔ እንኳ ይዟት ቢሄድ ምን ነበረበት? አዲሱ ዕቃ ሲያበራ የቀረው አካሏ አረጀበት። ቀለም ቀባት። ደረቀ፤ ደግሞ ደረበላት። በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ በንጹሕ ጆንያ ጠቅልሎ በር ሥር አስቀመጣት፤ በዓሉ ሲያልፍ ሊሄድ። ከሽንዲ በመጀመሪያው መኪና የመጣ ሰው መርዶውን ያደረሰው በበዓሉ ጠዋት ነው።

ለቀብሩ ባዶ እጁን ሄደ። ከሥጋ ዘመድ እኩል አለቀሰ፤ ስለ መጋዟ የጠየቀው ሰው የለም።

አርባው ካለፈ በኋላ ይዟት ሄደ። የእጅጉ ሚስት ሀብትነሽ አውድማ ስትጠርግ አገኛት። ዘሩ መንገዱን ሁሉ ሲያጠናው የመጣውን ተናገረ፤ ዕቃው ከመርካቶ ዘገየ፣ ያለዚያ ዕቃ ደግሞ መጋዟ ንቅንቅ አትልም ነበር አላት።

«እስቲ ያስነሷት» አለች።

አስነሣት። ሀብትነሽ መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆማ ሰማች። ሲያጠፋት «ያኔ የሰማኋት ትሻል ነበር» አለች።

«መቼ?»

«መስቀል ያለፈ ጊዜ ነዋ። ቅቤ ልሸጥ ቡሬ ወርጄ በአጥርዎ ሥር ሳልፍ ሰማኋት። ሳል ሳል እያደረጋት፣ ልክ እንደ ድሮዋ፣ እሱ ሲቆርጥባት እሰማት እንደነበረው። የእጅጉ መጋዝ እኮ አንድም ቀን እንዲህ ጥርት ብላ አታውቅም። ልግባ ብዬ መኪናው ሊያመልጠኝ ሆነ። እየሮጥሁ መጥቼ፣ ተነሥታለች፣ አያ ዘሩ ነገ ይዘዋት ይመጣሉ አልሁት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።»

ዘሩ እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«በነጋታው እጠቢኝ አለኝ፤ አጠብሁት። ጋቢውን ለብሶ ደጅ ተቀመጠ። መኪና በሰማ ቁጥር ዘሩ ነው ይላል። በማግሥቱም እንዲሁ፣ በማግሥቱም እንዲሁ። መነሣት ሲያቅተው አልጋዬን ወደ በሩ አስጠጉልኝ አለ። እኔ ተናድጄ፣ ምን ነካቸው እኒህ ሰው ስል፣ ተያቸው፣ ዘሩ ሳያሳምር አያመጣም፣ እያሳመራት ነው አለኝ።»

በቁጣ አልነበረም የነገረችው፤ ቢሆን በተሻለው። ዘሩ ይቅር በይኝ ሊል ፈለገ፤ ግን ንቅንቅ አትልም ነበር ብሎ የዋሸው አሁን፣ እዚሁ አውድማ ላይ ነው። ከየት ይጀምር?

«ይውሰዷት አያ ዘሩ፣ ለርስዎ ነው ያለው» አለች ሀብትነሽ መጥረጊያዋን እያስቀመጠች። «ግን እህል ሳይቀምሱ አይሄዱም።»

እምቢ ማለት አልቻለም። ተከትሏት ገባ። አልጋው አሁንም በሩ ሥር ነበር፤ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ እዚያው ላይ ተቀምጦ በላ።