ኮፋኖ ላይ የምትቀመጠው ወፍ

ሰፈሩ «ወይዘሮ ክሮም» ይላታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዛገ የመኪና ፓራውልት፣ የተላላጠ የመብራት ቀለበትና የጨለመ የበር እጀታ እየተቀበለች፣ ክሮም ነክራ ፊት የሚያሳይ አድርጋ ስትመልስ ኖራለች። የአሲዱ፣ የመዳቡ፣ የኒኬሉና የክሮሙ ገንዳዎች የእሷ ግዛት ናቸው። ባሏ ወልዋይ ነው፤ ከሚሽከረከረው የጨርቅ ጎማ ፊት ስለሚውል ፊቱ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እሷ ተንኮል ካልሠራች ቀኑ አይመሽላትም። እሱ ደግሞ ሰው ሲዋሽ በሰማ ቁጥር ሳል ይይዘዋል። እንዴት አብረው እንደኖሩ እነሱም አያውቁትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ የጂኦግራፊ መምህር መጣ። ከአባቱ የወረሳት አሮጌ መኪና አለችው፤ እንደ ሕፃን ልጅ የሚንከባከባት።

«እትዬ፣ ኮፋኖዋ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ነበረች። ከፎቶ አይቶ የሚቀርጽልኝ ሰው ያውቃሉ? ክሮሙን እርስዎ ይነክሩልኛል።»

«የድሮዋ ወዴት ሄደች?»

«በረረች» አለ ፊቱን አጨፍግጎ።

ወይዘሮ ክሮም የት እንደበረረች ታውቃለች። ከስድስት ዓመት በፊት፣ አባትየው በተቀበሩ ማግስት፣ ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም «መኪናዋን ስትወስድ እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ወፏን በመፍቻ ፈትቶ ኪሱ ከተታት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ምድር እያየ ነው የሚተላለፉት።

ታዲያ በሳምንቱ ሐሙስ ልብስ ሰፊው ራሱ መጣ፤ በሱፍ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ሲፈታው ወፏ ናት። መስኮት ላይ ተቀምጣ ዝናብ ሲያገኛት ክንፏ ዝጎ ተቦርቡሯል።

«መኪና የለህ፤ ምን ታደርግልሃለች?» አለችው።

«ስሰፋ አያታለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እሱ ሲወጣ ወይዘሮ ክሮም ወፏን በእጇ አገላበጠቻት። አባትየው ይቺኑ ወፍ ሊያስነክሩ ሲመጡ ሁለቱ ልጆች ከኋላ ወንበር ሆነው ሲገፈታተሩ ትዝ አሏት።

«ተይ» አለ ባሏ።

«ምን አልኩ?»

«ሳትናገሪ ነው ተይ ያልኩሽ።»

አልተወችም። አሮጌውን ክሮም አሲድ ውስጥ ገፈፈችው፤ ባሏ ወለወለ፤ ቡርቡሩን በመዳብ ሞላችው፤ ኒኬሉን፣ በመጨረሻም ክሮሙን ነከረች። ከዚያ ለመምህሩ «ቅዳሜ አራት ሰዓት መኪናዋን ይዘህ ና» ብላ ላከችበት። ልብስ ሰፊውን ለአራት ሰዓት ከሩብ ቀጠረችው።

ቅዳሜ መምህሩ መኪናዋን ይዞ ሲደርስ ወፏን ወዲያው ኮፋኖው ላይ በቡሎን አሰረቻት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ከክንፏ ሥር ዳበሰ። በልጅነቱ በድንጋይ የመታት ቦታ አሁንም ትንሽ ገባ ብሏል። ቀና ሲል ወንድሙ በሩ ላይ ቆሟል።

«ወፏ የኔ ናት» አለ ልብስ ሰፊው፣ ለወይዘሮ ክሮም።

«መኪናዋ የኔ ናት» አለ መምህሩ፣ እሱም ለእሷ።

«ሁለታችሁም ስሙኝ። ክሮሙ ገና ጥሬ ነው። ቡሎኑ ከተነካ ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሦስት ወር እዚሁ ኮፋኖው ላይ ሆና ነፋስ ይምታት።»

ባሏ ሳል ጀመረው።

«ነፋሱም ሁለት ዓይነት ነው የሚያስፈልጋት። አንተ መምህሩ የምትነዳው እንደ ኤሊ ነው። ወንድምህ ደግሞ መሪ ከያዘ የሚያሳድዱት ይመስል ይከንፋል። ዝግታውንም ፍጥነቱንም ካላገኘች አትበስልም፤ ተራ በተራ ንዷት።»

ባሏ እየሳለ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ለልጆች ስለ ነፋስ ሃያ አምስት ዓመት ያስተማረው መምህር ወይዘሮ ክሮምን ትክ ብሎ አያት። እሷ ግን ዓይኗን አልሰበረችም። ልብስ ሰፊው ትንሽ ካመነታ በኋላ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

«ከኋላ ምን ትሠራለህ? ታክሲ ነኝ እንዴ?» አለ መምህሩ። በስድስት ዓመት ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነበር።

«ቦታዬ ነው።»

«ና ወደ ፊት።»

መጣ።

ከሁለት ወር በኋላ መምህሩ አንድ የበር እጀታ ሊያስነክር በእግሩ መጣ።

«እትዬ፣ የኬሚስትሪ መምህሩን ጠይቄው ነበር። ክሮም ከገንዳው ሲወጣ ያለቀለት ነው አለኝ። ጥሬ፣ ብስል የሚባል ነገር የለም።»

ወይዘሮ ክሮም ጓንቷን ማውለቅ ያዘች። «ለወንድምህ ነገርከው?»

«ምን በወጣኝ? ዛሬ ተራው የሱ ነው። ፍጥነቱን እየሰጣት ነው።» እጀታውን አስቀምጦ እየሳቀ ወጣ።

እሷም ድል እንዳደረገ ሰው ወደ ባሏ ዞረች። «አየህ? አንዱ ቢነቃ ሌላው አልነቃም።»

ባሏ ማሽኑን አጠፋ። «ልብስ ሰፊው ወፏ በታሰረች ማግስት መጥቶ የክሮሙ ነገር እውነት ነው ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ መዋሸት እንደማልችል ታውቂያለሽ።»

«ነገርከው? ታዲያ ምን አለ?»

«‹ወንድሜ እንዳይሰማ› አለኝ።»

ወይዘሮ ክሮም ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን እጀታውን አሲድ ውስጥ እየከተተች ብቻዋን ስትስቅ ሰማት፤ እሱም ጨርቁን አንሥቶ መወልወሉን ቀጠለ።