የዓሣው ጀርባ

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ካናዛዋ ከተማ ላይ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሂሳኖ በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ባሏ የሣለውን ሥዕል በክፈፍ ሠሪው በኩሩማዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የባሏ ታናሽ እህት ማሳኤ ጃንጥላዋን እያራገፈች ተከትላት ገባች።

ባሏ ጌንዞ ያረፈው በበረዶው ወራት ነው። በወረቀቱ አንድ ፊት ውሃ ሰንጥቆ የሚዘል ትልቅ ዓሣ ሥሏል። ሲገለበጥ ደግሞ ሂሳኖ ራሷ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ሰውዬው ወረቀት ላይ እጁ አይፈታም ነበር፤ ጀርባውን ባዶ መተው ሩዝ እንደ መድፋት ይቆጥረዋል።

«ለሁለት ላጡልን» አለች ማሳኤ ገና ሳትቀመጥ። «ይህ ወረቀት እንደ ሽንኩርት እንደሚላጥ አውቃለሁ። ዓሣው ለእኔ፣ እንቅልፋሟ ለእትዬ። ማንም አይቀየም።»

ሂሳኖ ቤት ሳሉ እሺ ብላ ነበር። አሁን ግን የክፈፍ ሠሪው ጣቶች የወረቀቱን ጠርዝ ሲዳብሱ ስታይ አመነታች። ባሏ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ እየሳቀ የሠራው አንድ ወረቀት ነው።

«እውነት ይላጣል?» አለችው።

«መላጡስ ይላጣል።» ኩሩማዳ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣው። ብርሃን ሲያልፍበት ዓሣውና ሴትዮዋ ተደራረቡ። «ግን እዚህ ጋ ይዩልኝ። የጅራቱን ቀለም ወረቀቱ ጠጥቶት ወደ ጀርባው አልፏል። አቶ ጌንዞ ያንን ጥቁረት አላባከኑትም፤ የእርስዎን ፀጉር አደረጉት። ብልጠው ቀለሙም አብሮ ይከፈላል። የዓሣው ጅራት ይገረጣል፣ እርስዎም ይሸብታሉ።»

«ድሮስ ሸብታ የለ!» አለች ማሳኤ።

«አንቺስ ጅራት የሌለው ዓሣ ሰቅለሽ ልታዪ ነው?» አለቻት ሂሳኖ።

ማሳኤ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ኮስተር አለች፤ «ታዲያ የወንድሜ ዓሣ ግድግዳ ሲስም ይኑር?»

«አይላጥም!» የሂሳኖ ድምፅ ራሷን አስደነገጣት። «እሺ ማለቴ ስሕተት ነበር። እንዲህ አድርጎ የተወው እሱ ነው፤ እንዲሁ ይኑር።»

«ግድግዳ ምን ያደርጋል?» አለ ኩሩማዳ። «እንደ መግቢያ መከለያ ላቁመዋ። እግር ያለው ክፈፍ እሠራለሁ፣ ከፊትም ከኋላም መስታወት። ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ዳር ዳሩን በቀጭን እንጨት አርቀዋለሁ። መስኮት ፊት ብቻ አያቁሙት፤ ብርሃን ካለፈበት ዓሣው ከአፍዎ ይወጣል።»

«ይውጣ! ስታንኮራፋ የዋጠችው ነው» አለች ማሳኤ። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «ወደ እንግዳ የሚዞረው የትኛው ነው?»

በዚያ አገር የመግቢያ መከለያ ፊቱን ለመጪው፣ ጀርባውን ለቤተሰቡ ይሰጣል።

«ዓሣው ይዙር» አለች ሂሳኖ። «እኔን ተኝቼ የቤት ሰው ቢያየኝ ይበቃል።»

«የቤት ሰውማ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ እትዬ።» ማሳኤ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከንፈሯን ነከሰች። ጃንጥላዋን ከዚህ ወደዚያ አዟዟረችው። «ደግሞ በር ድረስ መጥቼ ዓሣ ብቻ አይቼ የምመለስ እንዳይመስልሽ። ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ።»

መከለያው በወሩ ደረሰ። ሂሳኖ በሚቀጥለው ዓመት ልጇ ዘንድ ናጎያ ስትዛወር ይዛው ሄደች፤ ማሳኤም ዓሣው ሲናፍቃት በባቡር ትመጣለች።