ባዶውን የማይመለስ ካሴት

የዓለምዘርፍ ካርቱኑን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደደችውም። ከሚመጣው ዘመን የተላከ አንድ ድብልብል ሮቦት ከአንድ ሰነፍ ልጅ ጋር ይኖራል። ልጁ በገዛ ስንፍናው ችግር ላይ ይወድቃል፤ ሮቦቱ ደረቱ ላይ ካለችው መሳቢያ ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያ ያወጣለታል፤ ልጁ በመሣሪያው ይባልግበታል፤ ነገሩ ከቀድሞው ይብሳል። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ልጁ ሁሉንም ረስቶ ከስንፍናው ይጀምራል። ጃፓኖቹ ይህንኑ ዓመት ካመት ሲደጋግሙት፣ ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አለመማሩ ያንገበግባት ነበር። “ልብ የሚገዛው መቼ ነው?” ብላ ከወጥ ቤት ትጠይቅ ነበር።

ነገሩ በቶንሲል ሰበብ የመጣ ነው። በ1986 በጸደይ ወራት የስምንት ዓመት ልጇ ስሂን ቶንሲል ይዟት ከትምህርት ቤት ብትቀር፣ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው አፓርታማቸው ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖረው ጓደኛዋ አያኮ አንድ የቪዲዮ ካሴት ይዛላት መጣች። ካርቱኑን ከቴሌቪዥን ቀድተው የላኩት ኦሳካ ያሉት የአያኮ አያት ነበሩ፤ በካሴቱ ጀርባ ላይ ያለውም የእጃቸው ጽሕፈት ነው። አያኮ ለማንም የማታውሰውን ለስሂን ስታውስ አንድ ቃል አስገብታታለች። የአያኮ አባት የሥራ ዘመን ስላበቃ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጧት፣ አገራቸው ይገባሉ፤ ካሴቱ ከዚያ በፊት እንደ ወጣ ይመለስ።

ስሂን ጃፓንኛ አታውቅም። አማርኛውንም ትሰማዋለች እንጂ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ከጎኗ የአባቷ የክፍሉ አክስት፣ እትዬ አሰለፈች ነበሩ። እትዬ አሰለፈች ለዓይን ሕክምና ከደብረ ማርቆስ የመጡ ናቸው፤ ዓይናቸው የበራላቸው ዕለት ካርቱኑ ላይ ተተከለ። ጃፓንኛም እንግሊዝኛም ስለማያውቁ የሚያግዳቸው አልነበረም፤ ሮቦቱ አፉን በከፈተ ቁጥር እሳቸው ይናገሩለታል። በእሳቸው አንደበት ሮቦቱ ቁጡ አጎት ሆኖ፣ “አንተ ልፍስፍስ፣ እናትህ ምን በደለችህ?” እያለ ልጁን ይገሥጸው ነበር። ስሂን እየሳቀች ታዳምጣለች። ይህን ያህሉን የዓለምዘርፍም አልጠላችውም።

ያልጠበቀችው ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። የመመለሻው ቀን ሲቀርብ እትዬ አሰለፈች የጎረቤት ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ አሳሰቡ። የዓለምዘርፍ ዳቦ ጋግራ አብራ እንደምትልክ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ዳቦ በሳህን ለመጣ ነገር እንደሚሆን፣ ካሴት ደግሞ በካሴት ወግ መሞላት እንዳለበት አስረዱ። እሷም ቀልድ መስሏት ሳቀችና እሑድ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ተረኛ ስለነበረች፣ ሥራዋ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስሂን ካሴቱን ከመመለሷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልትሰናበተው ከፈተችው።

“ማሚ፣ ካም ሂር” አለች።

የዓለምዘርፍ ወጣ ብላ ብታይ ቴሌቪዥኑ ላይ ሮቦትም ልጅም የለም። እትዬ አሰለፈች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወርቅ ቀለም በተቀባ የሙሽራ ወንበር ላይ፣ በፕላስቲክ አበባ መካከል ተቀምጠው ይመርቃሉ። “መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ላማችሁን ከነጥጃዋ፣ በጎቻችሁን ከነግልገላቸው ይጠብቅላችሁ። ጎተራችሁ አይጉደል።” አያኮና ወላጆቿ ቶኪዮ ሲመለሱ የሚገቡት ሰባተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ የዓለምዘርፍ ታውቃለች። ምርቃቱ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሲያበቃ ሮቦቱ ብቅ አለ፤ የጃንጥላው ታሪክ ግን፣ ስሂን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የመጀመሪያው ክፍል፣ ተሟጥጦ ጠፍቷል።

የሙሽራውን ወንበር ወዲያው ለየችው። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው የክፍሉ ዘመድ፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺው የወንድይራድ ነው። ስልክ ደወለችለት። ወንድይራድ ሥራው ያልተወደደለት መስሎት ወንበሩን ራሱ እንደቀባው ሊነግራት ጀመረ፤ አቋረጠችው።

“ካሴቱ እኮ ከኋላው ቀዳዳ ነበረበት። የቀዳዳው ክዳን የተሰበረው ማንም እንዳይቀዳበት ነው።”

“አዎ፣ አስቸግራኝ ነበር፤ አሻፈረኝ አለች። ፕላስተር ለጠፍኩባት።”

“መጨረሻው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ነበር። ለምን ከመጀመሪያው?”

“እኔማ ከመጨረሻው ልል ነበር። እትዬ ናቸው እንቢ ያሉት፤ ምርቃት ከኋላ ይገባል ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው።”

ስልኩን አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች። ክፍሉ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቱን በመኪና ጭኖ፣ ድልድዩ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ተገትሮ አሌክሳንድሪያ አድርሷቸዋል። እዚያ ሲደርሱ ግን ኳስ ያይ እንደነበረና ስለ ቀረጻው ምንም እንደማያውቅ ተናገረ። ቀጥሎም፣ ዝም ብለው ቢመልሱት ሰዎቹ የሚያዩት ቶኪዮ ሲገቡ ስለሆነ፣ ባሕር ማዶ ሆነው የሚያመጡት ነገር እንደሌለ መከረ።

“አያኮ ትጠላኛለች” አለች ስሂን።

በአማርኛ ነበር ያለችው። የዓለምዘርፍ ከአፏ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ዓመት ለምናለች፤ የመጣው ግን በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቃል ሆነና ደስ ልትሰኝበት እንኳ አልቻለችም። “እንወርዳለን” አለች። “ፊት ለፊት እንነግራቸዋለን።”

እትዬ አሰለፈች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ጠየቁ። “ከላይ ሲደረብበት ከሥር ያለው የት ይሄዳል?”

የትም እንደማይሄድ፣ እንደሚጠፋ ነገረቻቸው። ሽማግሌዋ ካሴቱን አገላብጠው አዩት። ከዚያም አስቀምጠውት ከቤት ወጡ። የዓለምዘርፍ አኩርፈው ነው ብላ ስትናደድ፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን በር የሚደግፈውን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ሊፍቱ ዘንድ አገኘቻቸው።

“እትዬ፣ እባክዎ ያውርዱት። እነዚህ ሰዎች ይህን ወግ አያውቁትም።”

“እኔ አውቀዋለሁ” አሉ።

ሊፍቱ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ጎረቤት ድንጋዩን ሊያግዛቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ባለዕዳው እሱ እንዳልሆነ በአማርኛ አስረድተው መለሱት። የዓለምዘርፍ የሊፍቱን ቁጥሮች ብቻ እያየች፣ ካሴቱን ከያዘችው ስሂን ጋር ወረደች።

በሩን የከፈቱት የአያኮ እናት ወይዘሮ ሚቺኮ ነበሩ። ከኋላቸው ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል። አንዲት ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ደጃቸው ላይ ቢያዩ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። እትዬ አሰለፈች፣ ተበዳይ ለበዳይ እጅ መንሣቱ ነውር ሆኖባቸው፣ ዝቅ አሉ። ወይዘሮ ሚቺኮም ዝቅ አሉ። የዓለምዘርፍ ሁለቱም መሬት ሳይነኩ ልትደርስ ብላ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው፤ ካሴቱን፣ ቀዳዳውን፣ ፕላስተሩን፣ ምርቃቱን።

ወይዘሮ ሚቺኮ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከሽማግሌዋ ማጅራት አንሥተው ካርቶን ላይ አስቀመጡት። ይቅር ባይ ድንጋዩን እንደሚያወርድ ማንም አልነገራቸውም፤ ከብዶ ስላዩት ብቻ ነው። እትዬ አሰለፈች ግን ቀና ብለው በረጅሙ ተነፈሱ፤ በእሳቸው በኩል ጉዳዩ አለቀ።

በአያኮ በኩል አላለቀም። ካሴቱን ተቀብላ በጥፍሯ ፕላስተሩን ፋቀችው። የጠፋው የጃንጥላው ክፍል እንደሆነ ጠየቀች። ስሂን አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። አያኮ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስሂን የምታደርገው ቢጠፋት ታሪኩን እትዬ አሰለፈች እንዳወሩላት አድርጋ በእንግሊዝኛ መተረክ ጀመረች። ሰነፉ ልጅ ጃንጥላውን ከቤተ ክርስቲያን ሳያስፈቅድ ወሰደው፤ ታቦቱ ተቆጣ፤ ሰማዩ ተቀደደ፤ አጎቱ ሮቦት ጆሮውን ይዞ ወደ ቄሱ መለሰው። ይህን ስታወራ አያኮ ቀስ በቀስ ዞረች። አፏን ከፍታ ቀረች።

“ቄስ የለም” አለች። “ማንም አልሰረቀውም። ሮቦቱም አጎቱ አይደለም።”

“ነው እንጂ። ሁልጊዜ ይቆጣዋል።”

“አይቆጣውም። ያዝንለታል።”

ሙግቱ ጦፈ። አያኮ ስሂንን ማሳመን ቢያቅታት ካርቶን ላይ ወጥታ የጃንጥላውን ክፍል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተችው፤ የልጁን ልቅሶ፣ የሮቦቱን ድምፅ፣ በተከፈተ ቁጥር ዝናብ የሚጠራውን ጃንጥላ፣ ልጁ ከሩጫ ውድድር ሊቀር ብሎ ከፍቶት መዝጋት ሲያቅተው። አንድም ቃል አልጎደለባትም። ስሂን በመጨረሻ ተረታች፤ ሆኖም አጎትየው ይሻል ነበር አለች፤ አያኮም ትንሽ አሰበችና በምትልክላት የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ስለ አጎትየው እንድትጽፍላት አዘዘቻት።

ሲወጡ ወይዘሮ ሚቺኮ የሩዝ ጣፋጭ የሞላበት ጥቁር ሣጥን አስያዟቸው። የዓለምዘርፍ ሣጥኑን እንዳየች ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን እምቢ ለማለት ረፍዶ ነበር።

ቤት ገብተው ጣፋጩን ጨረሱ። እትዬ አሰለፈች ሣጥኑን አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ከፊቱ ተቀመጡ።

“ጠዋት ነው አይደል የሚሄዱት?” አሉ። “ይህ ባዶውን አይወርድም።”

የዓለምዘርፍ ዳቦ እንዳለ ተናገረች። እሳቸው ዳቦ እስከ ቶኪዮ እንደማይዘልቅ ጠቅሰው፣ ያች ልጅ ካርቶን ላይ ቆማ የተጫወተችው ነገር አለመቀረጹ እንደቆጫቸው ገለጹ። ክፍሉ አሌክሳንድሪያ ሊያደርሳቸው ከሶፋው ተነሣና የመኪናውን ቁልፍ ከተሰቀለበት ፈለገ፤ አላገኘውም፤ የኮቱን ኪስ ዳበሰ።

የዓለምዘርፍ በሽርጧ ኪስ ውስጥ ቁልፉን ጨብጣ ዱቄት ማቡካቷን በአንድ እጇ ቀጠለች።